ገጽ በገጽ ላነበባችሁልን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተላከ ምስጋና

ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣

እኛ ጀማሪ ጸሐፊዎች የጻፍናቸው፣ እናንተም ረቂቃቸውን አንብባችሁ ያረማችኋቸው መንፈሳዊ መጻሕፍት ታትመው ኮምቦልቻ ደርሰው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ገብተዋል። ካርቶኑ ሲፈታ መጀመሪያ የታሰባችሁን እናንተ ናችሁ። አብዛኞቻችሁን በዐይን አይተናችሁ አናውቅም፤ የምናውቀው በቴሌግራም የሚደርሰንን ስማችሁንና ድምፃችሁን ብቻ ነው። ዋጋውን ከእግዚአብሔር ፈልጋችሁ የሠራችሁት ስለሆነ ስም አንጠራም። ያደረጋችሁትን ግን ዘርዝረን እንጽፋለን፤ ነገ መንፈሳዊ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ከዚሁ ይጀምር።

«በርቱ» የሚል ሰው በየትም አይጠፋም፤ ለእነርሱም ምስጋና ይገባቸዋል። እናንተ ግን «ገጽ 43፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው ጥቅስ ተሳስቷል» አላችሁን። ረቂቅን መጽሐፍ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ቃል ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ፊደል። በአማርኛ ንባብ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት በግእዝ ትርጉም ይለያሉ። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል «ለምኚልን» ማለታችን ነው፤ የሚጻፈውም በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ነው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ «ሠዐለ» ሲሆን ሥዕል ሣለ ማለት ይሆናል። «ሠረቀ ፀሐይ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ግን ስርቆት ይሆናል። በዋድላና በደላንታ የቅኔ ጉባኤ ያለፋችሁ መምህራን፣ እያንዳንዱን የግእዝ ጥቅስ በድምፅ መልእክት አንብባችሁ፣ ሆሄውን በስሙ ጠርታችሁ ነው ያቀናችሁልን። የኔታ፣ እርስዎ ስልኩን ለልጅ ልጅዎ እያስያዙ የላኩልን እርማት አሁን በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ታትሟል። ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ አደጋ አለ። የአማርኛውን ጽሑፍ አንድ ወጥ ለማድረግ ሲባል በኮምፒውተር ሠን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሰ መለወጥ፣ የግእዙን ጥቅስ አብሮ ያበላሻል፤ የተበላሸውን መልሶ መለየትም አይቻልም። እናንተ ያሳያችሁን መንገድ ይህ ነው፦ አስቀድሞ የግእዙን ጥቅስ ሁሉ በሌላ ቀለም መለየት፣ ከዚያ አማርኛውን ብቻ ቃል በቃል እያዩ ማስተካከል። ኮምፒውተሩ «ጸሎት»ን እና «ፀሎት»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚያይ ፍለጋውም በሁለቱም አጻጻፍ መደረግ አለበት።

የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በአንዱ አቆጣጠር መዝሙር 22፣ በሌላው 23 ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ የተመለሰበት የሰባ ሊቃናት ትርጉም በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን እንደ አንድ መዝሙር ስለሚቆጥር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ ሁለቱ እንደገና የሚገጥሙት ከ148 እስከ 150 ባሉት ላይ ነው። አንዱን ጥቅስ ከታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሌላውን ከስልክ መተግበሪያ የቀዳ ጸሐፊ ሳያውቀው ሁለት አቆጣጠር ይደባልቃል፤ አንባቢም ገልጦ ሲያጣው ጸሐፊውን ማመን ይተዋል። ስለዚህ አንዱን መርጦ በመግቢያው መግለጽ፣ ከዚያም ጥቅሱን ሁሉ ከአንድ የታተመ ቅጂ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ ብቻ ይዛችሁ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የፈተሻችሁ አላችሁ፤ ማንም የማያየው ድካም ስለሆነ እዚህ ላይ ለይተን እናመሰግናችኋለን።

የኮምፒውተር ነገር የምታውቁ ልጆቻችን ደግሞ በቀድሞዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተተየቡ ረቂቆችን በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ወደሚነበበው የፊደል አሠራር፣ ወደ ዩኒኮድ፣ መለሳችሁልን። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። ከተለወጠ በኋላም መነበብ አለበት፤ መለወጫው አንዳንድ ሆሄ ሊያሳስት ይችላል። አራት ነጥብን በተመለከተ የሰጣችሁት ምክር ትንሽ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታና አራት ነጥብ ያስመስለዋል። ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ ግን ገጹ ለኅትመት ሲቀናበር አንዱ በመስመሩ መጨረሻ፣ ሌላው በቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ወደ ቅንብር ከመሄዱ በፊት በሙሉ ወደ እውነተኛው ። መለወጥ አለበት።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ሥራው እንዳይቆም ያደረጋችሁትን አንረሳም። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ስለዚህ እርማቱን አሳጠራችሁት፦ ገጽ፣ መስመር፣ ትክክለኛው ቃል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰላምታውን እንኳ ለሌላ ቀን አቆያችሁት። ረጅሙን በስልክ ጥሪ «ንጉሡ ሠ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ሐመሩ ሐ» እያላችሁ አስጻፋችሁ። አባቶቻችን ለሆሄያቱ ስም ማውጣታቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ታየ። ይህ አሠራር እንዲሳካ በሁለቱም ወገን ያለው ቅጂ አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የመስመር ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን መጻፍና አዲስ ቅጂ ሲመጣ አሮጌውን ለብቻ ማስቀመጥ ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆኗል። በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ፍላሽ አደራ የሰጣችሁ፣ አደራውንም ተቀብላችሁ ያደረሳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ትምህርተ ሃይማኖትን የሚነካ ረቂቅ ለሊቃውንት ምርመራ የሚቀርበው ገጹ ከመቀናበሩ በፊት ነው። ከቅንብር በኋላ የሚመጣ እርማት ገጹን ያንቀሳቅሳል፤ ማውጫውም አብሮ ይሳሳታል።

ወደ ኅትመቱ እንምጣ። አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ስለሚሰጥ የገጹ ብዛት ለ16 ቢካፈል ይመረጣል። 192 ገጽ ልክ 12 ትልልቅ ወረቀት ነው፤ 195 ገጽ ግን ለሦስት ገጽ ሲባል ሌላ ትልቅ ወረቀት ይጠይቃል። ባለ 80 ግራም ወረቀት (በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን) ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ 192 ገጽ ማለት 96 ቅጠል ስለሆነ የመጽሐፉ ጀርባ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በግምት 6 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሠራ ሽፋን ርእሱን ከጀርባው አንሸራቶ ወደ ፊት ያወጣዋል። ለዚህ ነው ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ወረቀት ሳያውቁ ሽፋን መጨረስ የማይገባው።

ሥዕል ለሚልኩ ሁሉ ደጋግማችሁ የነገራችኋቸው እዚህም ይድረስ፦ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ የሽፋን ሥዕል እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ለኤ5 (148 በ210 ሚሊ ሜትር) የፊት ሽፋን ቢያንስ 1748 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል፤ በየዙሪያው ደግሞ ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። በስልክ የሚያበራው ወርቃማ ቀለም በወረቀት ላይ ደብዝዞ ወደ ቡናማ ስለሚያደላ የወረቀት ናሙና ሳያዩ መፈረም አይገባም። የሠዓሊውን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝም አይረሳ።

ዋጋ ስትጠይቁልን ለሦስት ማተሚያ ቤቶች አንድ ዓይነት ዝርዝር ጽፋችሁ መስጠታችሁ ትልቅ ትምህርት ነው፦ መጠን፣ የገጽ ብዛት፣ የውስጥና የሽፋን ወረቀት ግራም፣ የማጣበቂያው ዓይነት፣ የማድረሻው ቀን። ያለዚያ ርካሽ የመሰለው ዋጋ የሳሳ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ክፍያውም በየደረጃው ይከፈል፤ ሙሉውን በቅድሚያ የከፈለ ሰው መያዣ የለውም።

ረቂቄ ይሰረቅብኛል ብሎ ለማንም ከማሳየት የሚታቀብ ጀማሪ ብዙ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጸሐፊው መብት ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል፤ ለመጠበቅ ምዝገባን አይጠብቅም፤ በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ረቂቁን በኢሜይል ቀኑ በሚታይበት መንገድ ልኮ ማስቀመጥ፣ ለአንባቢም መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ብቻ መስጠት ስጋቱን ያቀለዋል። ሰው ያላነበበው ረቂቅ ግን ስሕተቱን ይዞ ይታተማል።

ስለ ሽያጩ የመከራችሁን ነጋዴዎችና የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ባለቤቶች እናመሰግናለን። መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው፣ ለልደትም ላሊበላ የሚሄደው ብዙ ምእመን በኮምቦልቻና በደሴ ያልፋል። መጽሐፉ በጳጉሜን እዚህ እንዲገኝ የመጨረሻው ፋይል ቢዘገይ በሰኔ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በደሴ ዝናብና ጉም ነው፤ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ጠርዙም ይወላገዳል። ካርቶኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ ከግድግዳውም ይራቅ። ለሻጭ የተሰጠው ቅጂ ብዛቱ፣ ዋጋውና የሒሳብ መተሳሰቢያው ቀን በደብተር ላይ ሰፍሮ ይፈረምበት፤ ወዳጅነትን የሚያበላሸው በቃል የቀረ ሒሳብ ነው።

መጻሕፍቱ ከወጡ በኋላም ማንበባችሁን አላቋረጣችሁም። የላካችኋቸውን እርማቶች ለሁለተኛው እትም በተለየ ፋይል እየያዝናቸው ነው። ሌላም ስታገኙ እንደ ልማዳችሁ ገጹን፣ መስመሩንና ትክክለኛውን ቃል ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር የመንፈሳዊ መጻሕፍት ጀማሪ ጸሐፊዎች