«የሠራተኛው ሚስት» ወደ መድረክ ስትወጣ ሕጉም አብሯት ይውጣ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ስለ ትርጉም ተውኔቶች የሚወጡትን ጽሑፎች ስከታተል ቆይቼ፣ እኔም በእጄ ስላለው ሥራ ለመጻፍ ተነሣሁ። ሥራው ፊንላንዳዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ሚና ካንት የጻፈችው፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1885 በሄልሲንኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ባለ አምስት ገቢር ተውኔት ሲሆን፣ ርእሱ በአማርኛ «የሠራተኛው ሚስት» ማለት ነው። (ፊንላንድን በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታምፔሬ በምትባለው የፋብሪካ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ቋንቋውን ስለ ተማርሁ፣ አገሬ ከገባሁ በኋላ ተውኔቱን ከፊንላንድኛ በቀጥታ መተርጎም ጀምሬ አሁን አራተኛው ገቢር ላይ ደርሻለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገቢሮች በመድረክ ሥራ ረጅም ልምድ ላላቸው አንድ ባለሙያ ሰጥቻቸው ነበር። በጥሞና አንብበው ሥራውን እንደ ወደዱትና ሊያዘጋጁት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ ለዚህም ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። ሆኖም ታሪኩ ወደ ዛሬዋ አዲስ አበባ እንዲመጣ፣ ሆምሳንቱ የተባለችው ገጸ ባሕርይ እንድትወጣና ተውኔቱ በዋናዋ ሴት ሞት እንዲዘጋ ጠየቁኝ። እኔ በአንዱም አልተስማማሁም። ያልተስማማሁት ለደራሲዋ ቃል ብቻ ሳስቼ ሳይሆን፣ ሦስቱም ማሻሻያዎች ሄደው ሄደው አንድ ነገር ስለሚያደርጉ ነው፤ ያገባችን ሴት ገንዘብ ለባሏ የሚሰጠውን የዘመኑን ሕግ ከመድረኩ አውርደው አንድ ሰካራም ባል ብቻ ያስቀሩልናል። የሰካራም ባል ታሪክ ደግሞ መድረካችንም ቴሌቪዥናችንም አላጣውም።

ተውኔቱ የሚከፈተው በሠርግ ነው። ዮሃና ታታሪ ሴት ናት፤ ከጋብቻዋ በፊት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ አላት። የምታገባው ሪስቶ ጠጪ ነው፤ ገንዘቧን ወስዶ ይጠጣበታል፣ እርሷም ልትከለክለው አትችልም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በሕግ የእርሱ ሆኗል። ፊንላንድ በዚያ ጊዜ በሩሲያ ዛር ሥር የነበረች ግዛት ብትሆንም የምትተዳደረው ከስዊድን ዘመን በቀረው የ1734 ሕግ ነበርና፣ በዚያ ሕግ መሠረት ባል የሚስቱ ሞግዚት ነው፤ ንብረቷን የሚያስተዳድረውም እርሱ ነው። በአንጻሩ በ1864 የወጣ ድንጋጌ ዕድሜዋ 25 ዓመት የሞላ ያላገባች ሴት ራሷን እንድትችል ፈቅዶ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴትም እንዲሁ ራሷን ታስተዳድር ነበር። እንግዲህ በአንድ አገር ከሚኖሩ ሴቶች መካከል ያላገባችውና ባልቴቷ በሕግ ፊት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ሲሆኑ፣ ያገባችው ብቻ እንደ ሕፃን ትቆጠራለች ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የመጀመሪያውን ገቢር በሌላ ዓይን ያየዋል። ሙዚቃው እየተመታ፣ እንግዳው እየጨፈረ፣ ሙሽራዪቱ ደስ ብሏት ሳለች ገንዘቧ ከእጇ ወጥቷል። ሪስቶ አንድ ብርጭቆ ገና ሳይቀዳ ንጥቂያው ተፈጽሟል። ስካሩ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሪስቶ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ጨዋ ቢሆን ኖሮ የዮሃና ገንዘብ ያው የእርሱ ነበር።

ደራሲዋ ይህን የጻፈችው ከሩቅ አይታ አልነበረም። ሚና ካንት በ1844 ታምፔሬ ውስጥ ስትወለድ አባቷ የፊንሌሰን ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በ1853 ፋብሪካው በኩኦፒዮ ከተማ የሚገኘውን የክር መደብሩን እንዲመራ ስለ ላከው ቤተሰቡ ወደዚያ ሄደ። በ1863 ሴቶችን ይቀበል ወደ ነበረው የዩቬስኩላ መምህራን ማሠልጠኛ ገባች፤ በ1865 ከመምህራኑ አንዱን ስታገባ ትምህርቷ ተቋረጠ። ቆይቶ ባሏ የጋዜጣ አዘጋጅ ሲሆን አብራው ትሠራ ነበር፤ በመጠጥ ላይ የጻፈቻቸው ጽሑፎች አሳታሚውን ስላስቆጡ ግን ሁለቱም ሥራውን ለቀቁ። ባሏ በ1879 ሲሞት ሰባተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። ልጆቿን ይዛ ወደ ኩኦፒዮ ተመለሰች፣ የአባቷን የክር መደብር ተረክባ በእግሩ አቆመችው፤ ተውኔቶቿንም ከዚያው ቤት ሆና ጻፈች። መደብሩን በስሟ ማንቀሳቀስ፣ ውል መዋዋልና ገንዘቧን ማዘዝ የቻለችው ባልቴት በመሆኗ ነው። ለዮሃና የነፈገውን ሕጉ ለእርሷ የሰጣት ባሏን ከቀበረች በኋላ ነበር። ይህን በገዛ ሕይወቷ ያየች ሴት የጻፈችውን ወደ ጠጪ ባል ታሪክ ማውረድ ደራሲዋንም ተመልካቹንም መበደል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሆምሳንቱ ልምጣ። ሆምሳንቱ ሮማ የሚባለው፣ «ጂፕሲ» እየተባለም የሚጠራው ሕዝብ ደም ያለባት፣ ሪስቶ አገባሻለሁ ብሎ የከዳት ወጣት ናት። ባለሙያው «ታሪኩን ታበዛዋለች፣ ተመልካችም ያ ሕዝብ ማን እንደ ሆነ አያውቅም» አሉኝ። በአውሮፓ ለዘመናት ተንቆና ተገፍቶ የኖረ ሕዝብ መሆኑን የእኛ ተመልካች ከሁለት ንግግር በኋላ ይረዳዋል፤ ሰው በዘሩና በእጅ ሙያው ሲናቅ አይተን ስለምናውቅ ለዚህ ማብራሪያ አያሻንም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዮሃና የምትታገሥ ሴት ናት፤ ትችላለች፣ ትጸልያለች፣ በመጨረሻም ትሞታለች። በእርሷ ሞት መጋረጃው ቢዘጋ ሁላችንም አልቅሰን፣ «ምስኪን» ብለን፣ ወደ የቤታችን እንሄዳለን። ሆምሳንቱ ግን ሪስቶ ላይ ትተኩሳለች። እርሱ አይሞትም፤ እርሷ ትያዛለች። ተይዛ ሳለች «ሕጋችሁና ፍትሓችሁ… መተኮስ የነበረብኝ እኮ እነሱ ላይ ነበር» ትላለች። በመጀመሪያው ዝግጅት ይህን ክፍል የተጫወተችው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ኢዳ አልበርግ ናት። ተመልካቹን አስቆጥቶ ብዙ ያነጋገረውም ይኸው ድፍረት ነው፤ ሴት ልጅ ስታለቅስ ማየት በ1885 ለማንም አዲስ አልነበረም። ሆምሳንቱን ማውጣት የተውኔቱን ምላስ መቁረጥ ነው።

ተውኔቱ በታየ በአራተኛው ዓመት፣ በ1889፣ ያገባች ሴት በሥራዋ ያገኘችውን ገቢ ራሷ እንድታዝበት የሚፈቅድ ሕግ በፊንላንድ ወጣ። ለዚህ ለውጥ የታገሉ ብዙዎች ስለ ነበሩ ተውኔቱ ብቻውን ሕጉን ለወጠ አልልም፤ ጉዳዩን ሰው ሁሉ እንዲነጋገርበት ማድረጉ ግን አያከራክርም። ከባል ሞግዚትነት ጨርሶ ለመውጣት እስከ 1929ኙ የጋብቻ ሕግ መጠበቅ ግድ ሆኗል። የፊንላንድ ሴቶች በ1906 የመምረጥና የመመረጥ መብት አግኝተው በተከታዩ ዓመት 19 ሴቶች ምክር ቤት መግባታቸውን ስናስታውስ፣ ለአገር ሕግ የምታወጣ ሴት በቤቷ ከሃያ ዓመት በላይ በባሏ ሞግዚትነት ሥር መኖሯን እንረዳለን።

ታሪኩን ወደ ዛሬዋ አዲስ አበባ ማምጣትን በተመለከተ፣ ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ መሆኑንና ሚስት በሕግ ባልተከለከለ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ አደረገ። ስለዚህ ዮሃናን ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ብናቆማት ተመልካቹ «ለምን ፍርድ ቤት አትሄድም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው፣ ተውኔቱም መልስ የለውም። ታሪኩ በሚፈጸምባት በኩኦፒዮ ከቆመች ግን መሄጃ እንደሌላት እናያለን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን በአማርኛ ሲሰጠን ቬኒስን ወደ ጎንደር አላመጣትም፤ ተመልካቹም ቅናትን ለማወቅ ጎንደርን አልጠየቀም። የራሳችንን ነገር ተመልካቹ ይዞት ይመጣል። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ለዓመታት ደመወዟን ልካ ስትመለስ ያሠራችው ቤት በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ የቆያት እኅት ከአዳራሹ ብትኖር፣ ሕጉ ቢለወጥም ልማዱ እንዳልተለወጠ ማንም አስተርጓሚ ሳይኖራት ታውቀዋለች።

እኔም የራሴን ይዤ ነበር የገባሁት። እናቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የክር ማጠንጠኛ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን፣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ከፋብሪካው በር ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር። ወደ ሰፈራችን ከሚያስገባው መታጠፊያ ሳንደርስ ከአንድ ግንብ ጥግ ታስቆመኝና የመቀነቷን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታ አንዲት አሥር ብር ታወጣለች፤ ብሯን አጣጥፋ፣ ጎንበስ ብላ ከጫማዬ ውስጥ ከእግሬ ሥር ትከትልኛለች። የቀረውን አባቴ ቤት ይቆጥረዋል። አባቴ ሰካራም አልነበረም፤ ልጆቹንም ይወድ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡን መቁጠር የእርሱ ድርሻ መሆኑን ከቤታችን ማንም፣ እናቴም ጭምር፣ ተጠራጥሮ አያውቅም። ዓመታት አልፈው ታምፔሬ ውስጥ አማተር ተዋንያን ባቀረቡት ዝግጅት ላይ፣ ዮሃናን የምትጫወተው ሴት ገንዘቡ እንደሌለ ስታውቅ አልጮኸችም፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ደረቅ እጇን ደጋግማ ጠረገች። እኔ ሳላውቀው የእግሬን ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ጨብጬያቸው ነበር። ተውኔቱን ለመተርጎም የወሰንሁት በዚያ ምሽት ነው።

በትርጉሙ ሂደት ከባለሙያው ጋር የተስማማንባቸው ነገሮችም አሉ። ርእሱን «የወዛደሩ ሚስት» ልለው አስቤ ነበር፤ እርሳቸው ቃሉ የአብዮቱን ዘመን መፈክር እንደሚያስታውስ ስላሳሰቡኝ ትቼዋለሁ። «የሠራተኛው ሚስት» የሚለው ርእስ በተውኔቱ ውስጥ ያለውን ጥያቄም ሳይሸፍን ያስቀራል፤ ሠራተኛ የሚባለው ባልየው ሲሆን ቤቱን በጉልበቷ የያዘችው ሚስትየው ናትና። ሌላው ያስቸገረኝ ዮሃና ሪስቶን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ» የሚለው ነው። እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ «እሳቸው» ነበር የምትለው። በመጀመሪያው ገቢር ዮሃና በሙሽርነቷ «አንተ» እንድትለው፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ «እርስዎ» እንድትሄድ አድርጌያለሁ፤ ፊንላንድኛው ይህን አይልም፤ አማርኛው ግን ለባሏ ተገዢ የምትሆንበትን መንገድ በአንድ ቃል እንዳሳይ ዕድል ሰጥቶኛል። ይህን ያህል ነጻነት መውሰዴን ባለሙያው ሲደግፉልኝ ደስ ብሎኛል፤ የቦታውንና የሆምሳንቱን ጉዳይም መልሰው እንዲያጤኑት በዚህ አጋጣሚ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ትርጉሙ ሲያልቅ ከመድረክ በፊት በአደባባይ እንዲነበብ እፈልጋለሁ። አዳራሽ ሊፈቅድልን የሚችል ተቋም፣ ለማንበብ ፈቃደኛ የሆኑ ተዋንያንና በተለይ የሆምሳንቱን ክፍል የምትደፍር ወጣት ተዋናይት ቢኖሩ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ሊያገኙኝ ይችላሉ። ንባቡን እሑድ ከሰዓት በኋላ ለማድረግ አስቤያለሁ፤ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ሊመጡ የሚችሉት ያን ጊዜ ስለ ሆነ ነው። መግቢያውም ክፍያ አይኖረውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ