ክኒኑን ከመግዛትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቁርስ መተውሽን፣ ምሳሽንም ወደ አንድ ሳህን ሰላጣ ማውረድሽን፣ ይህም ሆኖ ሚዛኑ ካለፈው ወር ጀምሮ ንቅንቅ አልል ማለቱን ካነበብኩ በኋላ፣ «ሜታቦሊዝሜ ቀርፋፋ ነው፤ የሚያፈጥን ክኒን አለ አሉኝ» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ቆም አልኩ።

ሜታቦሊዝም ሰውነት የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጥበትና ራሱን የሚጠግንበት ሥራ ሁሉ ነው። ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው በቀን ከሚያቃጥለው ካሎሪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚያልቀው፣ ልብ እንዲመታ፣ አንጎልና ጉበት ሥራቸውን እንዲሠሩ፣ የሰውነት ሙቀት እንዲጠበቅ ነው፤ ምግቡን ለመፍጨት ደግሞ 10 በመቶ ያህል ይወጣል። «ሠላሳን ካለፍኩ ወዲህ ነው» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠን ከግምት ሲገባ የሜታቦሊዝም ፍጥነት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም አይለወጥም። መቀነስ የጀመረው በእኔ ዕድሜ ላይ ላለነው ነው፤ የምታማርረው ግን አንቺ ሆነሻል።

ያዘገመሽ ረሃቡ ይመስለኛል። እኔም በአንቺ ዕድሜ ለሰርግ ልብስ ብዬ ሁለት ወር ያህል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እበላ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ እደርብ፣ ሁለት ደረጃ ወጥቼ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዤ እቆም ነበር፤ ልብሱን ለበስኩት፣ የቀነስኩት ክብደት ግን ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ የተባሉት ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወራት ምግብ ቀንሰው ሲያጠኑ፣ ሰዎቹ ይበርዳቸው፣ ልባቸውም ዝግ ብሎ ይመታ ጀመር። ሰውነት ገቢው ሲያንስ ወጪውን ይቆጥባል፤ በዚያ ላይ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል።

ስለዚህ ምግብሽን መልሺ። በየማዕድሽ ላይ ፕሮቲን ይኑር፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ የሚስማማሽን። ፕሮቲን ለመፈጨት ብቻ ካለው ካሎሪ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ይፈጃል፤ ስብ ግን ከ3 በመቶ አያልፍም። ዋናው ጥቅሙ ግን ጡንቻሽን መጠበቁና ቶሎ እንዳይርብሽ ማድረጉ ነው።

ስለ ጡንቻ የሚወራውን ሁሉ ደግሞ አትመኚ። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለው 13 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከስብ በሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል እንጂ ተአምር አይደለም። ሆኖም ክብደት ስትቀንሺ ጡንቻሽ አብሮ እንዳይሄድ የሚያደርገው ክብደት ማንሳት ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻሽን አሠሪው። መሣሪያ አያስፈልግሽም። ወንበር ከኋላሽ አድርገሽ፣ እግርሽን በትከሻሽ ልክ ከፍተሽ፣ ወንበሩን በመቀመጫሽ ነክተሽ ሳታርፊበት ተነሺ። አሥር ጊዜ ሲቀልልሽ ውኃ የሞላ ጀሪካን ታቀፊ። በተረፈ በሳምንት ከ150 ደቂቃ ያላነሰ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። አንድ ሰዓት ስፖርት ሠርቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ግን ብዙ ያጎድላል፤ ስልክ ስታወሪ ቁሚ፣ በደረጃ ውጪ። እንቅልፍሽንም አታሳጥሪ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ረሃቡ እንደሚብስበት አንቺው ታውቂዋለሽ።

ክኒኑን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ ብዙዎቹ በውስጣቸው ካፌይን ወይም ሌላ የሚያነቃቃ ነገር አለባቸው፤ ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ የሚያቃጥሉት ግን ጥቂት ነው። በደንብ መብላት ከጀመርሽ በኋላም ብርድና ድካም ከተሰማሽ፣ ወይም ጸጉርሽ ከተነቀለ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢሽ በደም ምርመራ ይታይ፤ የዕጢው ሥራ ሲያንስ ሜታቦሊዝም በእርግጥ ይዘገያል፣ መድኃኒትም አለው። ከሐኪሙ ስትወጪ ደውዪልኝ፤ የወንበሩን ነገርም ስንት ላይ እንደደረስሽ በዚያው ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ