ለአባት ያልተነገረ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ብርዱ ጀምሯል። የላክሁልዎ ካፖርት እንደደረሰ እማዬ ነግራኛለች፤ አደራዎን፣ ሳጥን ውስጥ አያኑሩት፣ ይልበሱት።

ዛሬ የምጽፍልዎ በስልክ ስላልሆነልኝ ነገር ነው። ከምንከባከባቸው አረጋውያን አንዷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ማታ ማታ የጀርመኑን ደራሲ የፍሪድሪኽ ሺለርን ቴአትር «ዶን ካርሎስ»ን እያስነበቡ ጀርመንኛዬን ሲያርሙልኝ ከረሙ። ባለፈው ቅዳሜ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋሁ ቴአትሩን አብረን አየነው።

ታሪኩ በስፔኑ ንጉሥ በዳግማዊ ፊሊጶስ ቤት ነው። ለልጁ ለካርሎስ የታጨችውን ኤልሳቤጥን አባትየው አግብቷታል። ልጅ እጮኛውን «እናቴ» ማለት ግድ ሆነበት። እኔን ግን የያዘኝ ንጉሡ ነው። ያ ሁሉ ግዛት እያለው፣ እውነት የሚነግረው አንድ ሰው እንዲሰጠው ፈጣሪውን ይለምናል። የካርሎስ ጓደኛ ማርኪስ ፖዛ ይቀርባል፤ ሹመት አልፈልግም ብሎ፣ ንጉሡ በሚገዛው በፍላንደርስ ስላያቸው የተቃጠሉ የሰው አጥንቶች ይነግረዋል። ከዚያም «የማሰብን ነጻነት ይስጡ» ይለዋል።

አባዬ፣ ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ሬዲዮ ሲከፍቱ መስኮቱን ይዘጉ የነበረው፣ «ቀስ በይ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» ይሉኝ የነበረው መጣብኝ። መምህርቷ ከንፈራቸው ከተዋናዩ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። በናዚ ዘመን እዚህ ቃል ላይ ሲደረስ ሕዝቡ ያጨበጭብ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። አዳራሹ ጨለማ ነው፣ ማን እንዳጨበጨበ አይለይም።

ፖዛ በጥይት ይሞታል። መጨረሻ ላይ የዘጠና ዓመት ዕውር የሃይማኖት መርማሪ መጥቶ ንጉሡን ሰው በመፈለጉ ይገሥጸዋል፤ ለእርስዎ ሰዎች ቁጥር ብቻ ናቸው ይለዋል። ንጉሡም የገዛ ልጁን አሳልፎ ይሰጣል። መጋረጃው ሲዘጋ ለመነሣት ጉልበት አጣሁ።

ስንመለስ በሺለር ሐውልት በኩል አለፍን። በጥንቱ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ቆሟል። እርሱ ራሱ ከዚህች ከተማ የሸሸ ሰው ነው። የጦር ሠራዊት ሐኪም ሳለ፣ የመጀመሪያ ቴአትሩን «ወንበዴዎቹ»ን ሊያይ ያለ ፈቃድ ማንሃይም ከተማ ስለሄደ የአገሩ ገዥ መስፍኑ ካርል ኦይገን 14 ቀን አሰረው፤ ኋላም እንዳይጽፍ ከለከለው። በፈረንጆች 1782 መስከረም፣ በ22 ዓመቱ፣ ከተማው ለእንግዶች ድግስ ሽር ጉድ ሲል በሌሊት ከአንድ ጓደኛው ጋር ወጣ። አባቱ የመስፍኑ መኰንን ነበሩና ለእርሳቸው አልነገራቸውም። ሲጠየቁ «አላውቅም» ብለው ቃላቸውን ቢሰጡ ውሸት እንዳይሆንባቸው ብሎ ነው። እናቱ ግን ታውቅ ነበር።

መምህርቷ ይህን ሲነግሩኝ ወንበሩን መግፋት አቃተኝ።

እኔም ስወጣ ያልነገርሁዎ ለዚሁ ነው። ንቄዎት እንዳይመስልዎ። የሚጠይቅ ቢመጣ፣ እርስዎ ዋሽተው እንደማያውቁ አውቃለሁ። ያን ማታ እራት ስንበላ እንጀራ ጠቅልለው ሲያጎርሱኝ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። «ሳትነግረኝ ሄደች» ብለው ስንት ዓመት እንዳዘኑ ሰምቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ ታውቅ ነበር። በእኔ ምክንያት እንዳይቆጧት።

የምትወድዎ ልጅዎ