እንግሊዝኛውን ከፌጦ ጋር ዝሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የኬጂ አስተማሪ ነኝ። መስከረም በመጣ ቁጥር ወላጆች አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ሚስ፣ ልጄ እንግሊዝኛ መናገር የሚጀምረው መቼ ነው?» አልፈርድባቸውም። የሚከፍሉት ለዚያ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ነበር ያለው። የግል ኬጂ ግን ማንን ይጠብቃል? ከነርሰሪ ይጀምራል። መጀመሩን አልቃወምም። የሚያናድደኝ አጀማመሩ ነው። ግድግዳው በሥዕል ይሞላል፣ ልጆቹ «ኤፍ ፎር ፍላወር» እያሉ በዜማ ያንበለብሉታል፣ የወላጆች ቀን ላይ በስልክ ይቀረጻሉ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ አጥሩ ሥር የበቀለ አበባ አሳይታችሁ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠይቋቸው እስቲ። ዝም ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ቋንቋ የሚይዘው እጁ ሥራ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ዘርና አፈር ስጡት። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ይህንኑ ነገር የማስተማሪያ ዘዴ አድርጎታል፤ አስተማሪው ያዛል፣ ተማሪው በሰውነቱ ይሠራዋል፣ አፉ ሲደርስ ይናገራል። ከሱም በፊት፣ የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት ጀርመን ውስጥ የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሮበል ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን የአትክልት መደብ ይሰጥ ነበር። አዲስ ነገር አላመጣሁም ማለቴ ነው።

ከፌጦ እንጀምር። እንግሊዝ አገር ሕፃናት በእርጥብ ጥጥ ላይ የሚያበቅሉት ክሬስ የሚሉት ነገር አለ። ሌላ ተክል እንዳይመስላችሁ፣ የኛው ፌጦ ነው! እናቶቻችን ለጉንፋን የሚያሹት ፌጦ። እንቁላል ስትጠብሱ አናቱን ብቻ ስበሩትና ቅርፊቱን አትጣሉ። በሳሙና በደንብ ይታጠብ። ልጁ በእስክርቢቶ ፊት ይሥልበታል፣ «አይስ፣ ኖዝ፣ ማውዝ» እያለ። ውስጡ እርጥብ ጥጥ ይገባል፣ ከላይ ፌጦ ይነሰነሳል። ፌጦው ውኃ ሲነካው ይዝለገለጋል፣ አንዱ ጣቱን ነክሮ «ኢው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። በሁለት በሦስት ቀን ያጎነቁላል። ሳምንት ሲያልፈው እንቁላሉ ፀጉር አብቅሏል። «ግሪን ሄር!» ማንም ሳያስጠናቸው ነው የሚሉት። ከዚያ በመቀስ ይከረክሙታል፣ ይቀምሱታል፣ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ እዚያው ላይ «ሆት» የሚለውን ቃል ያገኛሉ።

ባቄላና አደንጓሬ ሌላ ጣጣ አላቸው። አፈር ውስጥ ከቀበርናቸው ልጆቹ በየቀኑ ቆፍረው ያወጧቸዋል። በቅሏል አልበቀለም ለማየት! መድኃኒቱ ሃይላንድ ነው። ሃይላንዱን ከወገቡ ትቆርጡታላችሁ፣ ዙሪያውን በእርጥብ ሶፍት ትሸፍኑታላችሁ፣ አደንጓሬውን በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል ሰካ። አሁን ሁሉም ይታያል። መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው፣ ወደ ታች ይሄዳል። ሥሩ ትንሽ ሲረዝም ሃይላንዱን በጎኑ አጋድሙት። በነጋታው ወይም በሦስተኛው ቀን ሥሩ ተቆልምሞ እንደገና ወደ ታች ዞሮ ታገኙታላችሁ። «አፕ» እና «ዳውን» ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አላየሁም። «ማይን» እና «ዮርስ»ን ደግሞ እኔ አላስተምርም። የማን ቀድሞ እንደበቀለ ሲጣሉ ራሳቸው ይማሩታል።

አንዲት ልጅ ሮጣ መጥታ «ሚስ፣ የኔ ግሮው አደረገ!» አለችኝ። ይህንን የሚሰሙ አስተማሪዎች አሉ፣ ወዲያው «ኖ አማርኛ!» የሚሉ። አማርኛ ያወራውን ልጅ የሚያስቆሙ ትምህርት ቤቶችም እንዳሉ አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም። ለምን? ልጅቷ የምትነግረኝ ነገር አላት። እኔ «ዬስ! ዮር ቢን ግሩ!» ብዬ እመልስላታለሁ፣ በቃ። ትክክለኛውን ሰማችው፣ ደስታዋም አልተነካም። አማርኛውን ስትከለክሏት የምታጡት አማርኛውን ብቻ አይደለም፣ ወሬውን በሙሉ ነው። ቤት ውስጥም እንደዚያው፤ እናትና አባት የግድ በእንግሊዝኛ መትከል የለባቸውም። በአማርኛ ትከሉ፣ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ እምቡጥ በሉ። በእናቱ ቋንቋ የማያውቀውን ነገር በሰው ቋንቋ እንዴት ይወቀው?

ጊዜውም ይታሰብበት። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እኛ ስንከፍት ዝናቡ ሊያበቃ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነገር አትትከሉ፤ ልጆቹ ሳያዩት ይደርሳል ወይም ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ ይደርቃል። ፌጦ፣ አብሽ፣ አደንጓሬ ይበቃሉ። ለአበባ ከሆነ አደይ አለ፣ ልክ ትምህርት ሲጀመር ይፈነዳል። ሜዳ ያለበት ሰፈር ካላችሁ ልጆቹን ውሰዱና አሳዩ፣ ሲደርቅ ዘሩን ይልቀሙ። ብዙዎቻችን የምናስተምረው ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ በሆነ ኪራይ ቤት ውስጥ ነው፣ ይህም ምክንያት አይሆንም፤ ሥሩ በሚስማር የተበሳ ሃይላንድ ለመደብ ይበቃል።

አደጋ ስላለው ነገር ደግሞ ሳልቀልድ ልናገር። ጉሎ ለልጅ አትስጡ። ምጣድ ስለሚታሰስበት ሁሉም ቤት አለ፣ ፍሬውም ዝንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጅ ያታልላል፣ ግን መርዝ ነው፣ ቢያኝከው ሊገድለው ይችላል። አጥር ላይ ያለውን ቅንጭብ አያስነኩ፣ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። ከዘር መሸጫ የሚመጣ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት የተለወሰ ነው፣ ለልጅ እጅ አይሆንም። አደንጓሬ ደግሞ ጥሬውን እንዳይበሉት፣ አፍንጫቸው ውስጥም እንዳይከቱት። ሳቁ እንጂ፣ የሚከት አይጠፋም! እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ እቤት ለማውጣት አትታገሉ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ለወላጆች አንድ ልመና አለችኝ። ዩኒፎርሙ ጭቃ ነካው ብላችሁ አትደውሉ። አሮጌ ቲሸርት ቦርሳው ውስጥ ጨምሩለት፣ የአባቱም ቢሆን ግድ የለም። ልጁ ሲመጣም «ዛሬ ስንት ቃል ተማርክ?» ከማለት «አደንጓሬህ እንዴት ሆነ?» በሉት፤ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ዘሩን የት እናግኝ ለምትሉኝ፣ ፌጦም አብሽም ጉሊት አለ፣ በትንሽ ብር ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። የምስር ክክ ግን አትላኩልኝ። የተከካ አይበቅልም።

አንዲት የኬጂ መምህርት
ከአዲስ አበባ