እማዬን ለመለሳችሁልን ሁሉ

እማዬ ከሆስፒታል ከወጣች 3 ሳምንት ሆናት። ትናንት ደሟ ተመርምሮ ሶዲየሟ፣ ማለትም የደሟ ጨው፣ 137 ነው ሲሉኝ፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ለሁላችሁም ደውዬ አልዘልቀውም። ስለዚህ እዚሁ ልጻፍላችሁ።

ብዙዎቻችሁ "ምን ሆና ነው?" ብላችሁኛል። በዚያ ግርግር "ጨው አንሷት ነው" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ እንዲህ ነው።

እማዬ ግማሽ ፊቷን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝራት የነርቭ ሕመም ነበረባት። ለእሱ ካርባማዜፒን ታዘዘላት። ሕመሙ ቀለል ሲላት ተመስገን አልን። ወር ሳይሞላ ግን ያቅለሸልሻት ጀመር። ራሷን ያማታል። ምግብ አስጠላት። እኛም "ውኃ ጠጪ፣ ሆድሽ ይታጠብ" እያልን እናጠጣታለን። ጠዋት በባዶ ሆዷ ጸበል አለ። ጠያቂው ደግሞ ጁስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን እኔን በሟች አክስቴ ስም ጠራችኝ። በማግስቱ የቡና መቁያውን ይዛ፣ ምን እንደምታደርግበት ጠፍቷት ቆማ አገኘኋት።

አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ደክማለች ተባለና ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር ያለው ውኃ፣ ተሰካላት። ሶዲየሟን ያየላት አልነበረም። ያን ሌሊት ሰውነቷ ሁሉ ተንዘፈዘፈ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሩን ስናንኳኳ በባዶ እግርህ ወጥተህ መኪናህን ያስነሳኸው ጎረቤታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጋቢህ እስካሁን እኛ ጋ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሶዲየሟ 110 ሆኖ ተገኘ። ጤናማው ከ135 እስከ 145 ነው። ተረኛዋ ወጣት ዶክተር ገና ከመጀመሪያው "የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አምጡልኝ" አለች። ወንድሜ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣው። የካርባማዜፒኑን ካርቶን ስታይ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ አስረዳችኝ። አንጎላችን ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ኩላሊትን "ውኃውን ያዝ" የሚለው እሱ ነው። ውኃ ሲበዛ ደግሞ ዝም ማለት ነበረበት። መድኃኒቱ እማዬ ላይ ዝም እንዳይል አደረገው። የጠጣችው ውኃ መውጫ አጣ። ደሟ ቀጠነ። ውኃው አንጎሏ ድረስ ገብቶ አሳበጠው። "ጨው ያልተጨመረበት ወጥ አይደለም፤ ውኃ የተደፋበት ወጥ ነው" አለችኝ። ሽንቷ ሲመረመርም ይኸው ታየ። ደሟ ያን ያህል ቀጥኖ ሽንቷ ግን ወፍራም ነበር። ስሙ ኤስ አይ ኤ ዲ ኤች ይባላል።

መንስኤው ግን መድኃኒት ብቻ አይደለም። የሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ያመጡታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ሕመሙ መጀመሪያ ሲገለጽ፣ የታየባቸው 2 ሰዎች የሳንባ ካንሰር ነበረባቸው። ለዚህም ነው ደረቷን ራጅ ያነሷት። የራጁን ውጤት የጠበቅንበትን ሰዓት አልረሳውም። ንጹሕ ነው ተባለ። የታይሮይድና የኮርቲሶል ምርመራዋም ደህና ሆነ።

ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ በራሳችሁ አታቋርጡበት። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም መደናገር ከመጣበት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱትና ሶዲየም ይታይልን በሉ።

መንዘፍዘፉን ያቆመላት 3 ፐርሰንት የጨው ውኃ ነው። እሱን ፍለጋ ስልክ ስትደውል የነበርሽው ፋርማሲስት፣ እጅሽ ይባረክ። 150 ሚሊ ሊትር በ20 ደቂቃ ገባላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኗን ገልጣ "ልጄ" አለችኝ። በስሜም ጠራችኝ።

ወንድሜ "ታዲያ ለምን አይጨምሩላትም?" ብሎ ተቆጣ። እኔም በልቤ እንደዚያው እያልኩ ነበር። ዶክተሯ ግን አልተቆጣችም። ሶዲየም ለቀናት ዝቅ ብሎ ከቆየ በኋላ ተስፈንጥሮ ሲወጣ የአንጎል ነርቮች ሽፋን ይጎዳል። ሰውዬው የዳነ መስሎ ከቀናት በኋላ መናገር፣ መዋጥ፣ መንቀሳቀስ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ከ8 በላይ እንዳይጨምር ይጠነቀቃሉ። በየ4 ሰዓቱ ደም የተቀዳላት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ውኃ መከልከሉ ነው። በቀን 800 ሚሊ ሊትር ብቻ ተፈቀደላት። በሃይላንድ ለካሁና በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበት። እማዬ ከንፈሯ ደርቆ "ጉሮሮዬን ብቻ ላርጥብ" ስትለኝ ፊቴን አዙሬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ! የንስሐ አባታችን መጥተው "ጸበሉ በጠብታም ይባርካል፤ የሐኪሞቹን ቃል ስሚ" ባይሏት ኖሮ አልችልም ነበር። አባታችን፣ ጸሎትዎ አይለየን። ጁሳችሁን ይዛችሁ የተመለሳችሁ ዘመዶችም፣ ስላልተቀየማችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ የነበሩት ሲስተር፣ እርስዎን እንዴት አድርጌ ላመስግን? ሁሉም ተኝቶ ሳለ የሽንቱን ከረጢት በባትሪ አይተው "ይሄ በዛ" አሉ። ካርባማዜፒኑ ቆሞ ከሰውነቷ ሲወጣ ሆርሞኑ ዝም ብሎ ነበር። ኩላሊቷ የያዘውን ውኃ ባንዴ ለቀቀው። ሶዲየሙ ከልኩ በላይ ሊፈጥን ነበር። ሮጠው ዶክተሯን ቀሰቀሱ። ያኔ ግሉኮስ ተሰካላት። ክሊኒኩ ውስጥ የጎዳት ያው ግሉኮስ፣ አሁን ፍጥነቱን አረጋጋላት። እስኪነጋ ድረስ እርስዎ አልተቀመጡም።

ደም መቀጃ ቱቦ ይዛችሁ ላቦራቶሪ የተመላለሳችሁ የእህቴ ልጆች፣ ከሪያድ የመድኃኒት ብር የላክሽልን እህቴ፣ ሳንጠራችሁ የመጣችሁ የእድራችን ሰዎች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

አንድ ሰው ቀረችኝ። እማዬ አጠገብ የተኛችው እናት እሷ ራሷ ታማ ነበር። ውኃ መጠጣት ስትፈልግ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ነጠላዋን ጋርዳ ነበር የምትጠጣው። እማዬ አይታ እንዳትጠማ ብላ። ስልኳን ሳንቀበል ወጣን። ሴት ልጇ ይህን ካነበብሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እማዬ ቡና ታፈላለች፤ "ሳትመጣ አልጠጣም" ብላለች።