ስለ 105ቷ ጉዳይ

ጌቾ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን 3 ዓመት ጠፍቶ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ትላለህ። ልክ ነህ፣ አለኝ። ጠፋሁ፣ አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ። ይሄኛውን ስትመጣ በጥፊ እንጨርሰዋለን።

መምጣትህንም ሰማሁ። ሰኔ ላይ ነው አሉኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ሆዴን ባር ባር አለኝ፤ ገና ከናሪታ አየር ማረፊያ ሳትወጣ «105ቷስ?» እንደምትለኝ፣ ያቺን 105 ሚሊሜትር የካሜራ ሌንስህን እንደምትጠይቀኝ አውቃለኋ።

105ቷ ሻግታለች።

በቃ፣ ተናገርኩት። እንጀራ ይሻግታል፣ ዳቦ ይሻግታል፤ መስታወት ይሻግታል ብሎ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከየት ያውቃል? የእኛ ክረምት ቢዘንብም ብርድ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ አየሩ ሁሉንም ያደርቀዋል። እዚህ ቶኪዮ ከግንቦት ማብቂያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ «ጹዩ» የሚሉት ዝናብ አለ። ሙቀትና እርጥበት አብረው ይመጣሉ፣ ሌሊት እንኳ ፋታ የለም። እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሌንስ ውስጥ ያለው አቧራና የቅባት ትነት ለሻጋታ ቀለብ ይሆናል። ጹዩ ደግሞ 80ን እንደ ቀልድ ያልፋል።

የት እንዳስቀመጥኳት ልንገርህና ወይ ሳቅ ወይ ስደበኝ። አንተ በሰጠኸኝ የቆዳ ቦርሳዋ ውስጥ እንደነበረች፣ «ኦሺኢሬ» በሚሉት የግድግዳ ቁም ሣጥን፣ ከፍራሽ ጀርባ። አክብሬያት ነው እኮ! ቆዳ እርጥበት ይመጥና አይለቅም፣ ፍራሹ የሌሊቱን ላብ ይዞ ይገባል፣ ቁም ሣጥኑ አየር የለውም፣ ጨለማም ነው። ሻጋታ እርባታ ልክፈት ብል ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር። በየቀኑ የምይዛቸው ሌንሶች ምንም አልሆኑም፤ የሚሻግተው የተቀመጠው ነው።

ጉዳቱን በትክክል ልንገርህ፣ ከምትገምተው ያንሳል። የብርሃን መክፈቻ ቀለበቷን 2.5 ላይ አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ከኋላ የስልክ መብራት አበራሁባትና ከፊት ወደ ጎን ዘንበል አድርጌ አየሁ። የፊተኛው መስታወት ንጹህ ነው። ከኋላኛው ክፍል ውስጥ ግን ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሐል የሚሳብ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር አለ። ስፋቱ የጤፍ ሳይሆን የስንዴ ቅንጣት ያህል ነው። ጥላ ውስጥ ፊት ስታነሳ ምንም አታይም። ፀሐይ ወይም አምፖል ፍሬም ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ብርሃኑ ዙሪያ ጭጋግ ይነሳል።

«ካልታየ ተዋት» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሻጋታው የሚተፋው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ሽፋኑ አንዴ ከተበላ ክሩን ብትጠርገው እንኳ ቅርጹ እንደ ጠባሳ ይቀራል። ፀሐይ ላይ አስጧት የሚሉም አሉ። ፀሐይ ቢገድለው ክሩን አያነሳውም፣ ሙቀቱ ደግሞ የፎከሱን ግሪስ አቅልጦ ብርሃኑን በሚመጥነው ዲያፍራም ምላጮች ላይ ያፈሰዋል። ያኔ ሁለት በሽታ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ከቆዳው አውጥቼ፣ ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄልና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። ይጋባል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፣ ዘሩ አየር ላይ ሁሌም አለ፤ ቢሆንም ለየኋት። ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው የምፈልገው። ከ30 በታች ከወረደ ጎማና ግሪስ ይደርቃል። ሰማያዊው ጄል ሮዝ ሲሆን ጠግቧል ማለት ነው፣ ይቀየራል ወይም በሙቀት ይደርቃል። ለሌሎቹ «ቦሺትሱኮ» ገዝቻለሁ፣ በኤሌክትሪክ እርጥበት የሚቀንስ ቁም ሣጥን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኝ፣ ችዬዋለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ለኑዛዜ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድህን ልጠይቅ ነው። ልክፈታት?

እጄን ታውቀዋለህ። 5 መስታወት በ4 ክፍል ነው ያላት፣ ከዛሬዎቹ ዙም ሌንሶች ጋር ስትነጻጸር የልጅ መጫወቻ ናት። የፎከሱን ጥርስ አልነካም። እሱን የፈታ ሰው የተላቀቀበትን ነጥብ ምልክት ካላደረገ በሌላ ጥርስ ይገጥመውና ሩቅ ያለው ነገር ከዚያ በኋላ ጥርት አይልም። እኔ የምፈልገው የኋላውን ክፍል ብቻ ነው፣ ቀለበቱን እዚህ «ካኒሜ»፣ የሸርጣን ዓይን፣ በሚሉት ባለ ሁለት ጫፍ መፍቻ ይፈቱታል። ከተንሸራተተ መስታወቱን ይጭራል፣ ጭረቱ ደግሞ ከሻጋታው ይብሳል። መስቀለኛ ብሎኖቹም ጃፓን ሠራሽ ስለሆኑ በተለመደው መስቀለኛ ካቻቪቴ አይሞከሩም፤ ጫፉ በደንብ ስለማይገጥም ጭንቅላታቸውን ይበላቸዋል። የራሳቸውን ካቻቪቴ ይዣለሁ። ከዚያ በአልኮል በረጠበ የሌንስ ወረቀት ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ በአንድ ወረቀት አንድ ጊዜ።

ወይም ለጠጋኝ ልስጣት። ወይም ደግሞ... ይህን ለማለት አፍሬ ነው፣ ሺንጁኩ ያሉ ያገለገሉ ዕቃ ሱቆች ውስጥ እህቶቿ ሞልተዋል። እዚያ ሌንሱ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ «ካቢ» ካለ ሻጋታ፣ «ኩሞሪ» ካለ ጭጋግ አለው ማለት ነው። ንጹሕ መርጬ ልገዛልህ እችላለሁ። ግን የብርሃን ቀለበቷ ላይ 8ና 11 መሐል ያለችው ጭረት የላቸውም። እቴቴን በረንዳው ላይ ያነሳህባትም አይደሉም። ለዚህ ነው ሳልጠይቅህ ያልገዛሁት።

አመጣጥህን በተመለከተ፣ ሰኔን ተወው። ሥራ ካስገደደህ ወደ ሰሜን፣ ሆካይዶ ውጣ፣ እዚያ ጹዩ የለም። ደቡብ ያለው ኦኪናዋ ደግሞ በሰኔ አጋማሽ ይለቀዋል። ከቀዘቀዘ ሆቴል ወደ ውጭ ስትወጣ ጤዛ እንዳይቋጠርበት ካሜራውን በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አቆይ፣ የውጭውን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አትክፈተው። በብርድ ወራት ሆካይዶ ላይ ግልባጩ ነው፣ ወደ ቤት ከመግባትህ በፊት ታሽገዋለህ፤ ፎቶው ያለበትን ካርድ ግን መጀመሪያ አውጣ፣ አለዚያ እንደ እኔ ሁለት ሰዓት ላስቲክ ላይ ታፈጣለህ። ሌላ አንድ ነገር፣ የቶኪዮ መብራት 50 ኸርዝ፣ የኦሳካው 60 ነው። አዳራሽ ውስጥ የሹተሩን ፍጥነት ቶኪዮ 1/100፣ ኦሳካ 1/125 ካላደረግህ፣ በተለይ በድምፅ አልባው ሹተር፣ መብራቱ ስለሚርገበገብ ፎቶህ ላይ መስመር ሊሰመርልህ ይችላል። ቻርጀርህ 100-240 ቮልት ካለ ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው አዳፕተር ብቻ ይበቃሃል።

ኅዳር ብትመጣ ይሻላል፣ ኪዮቶ ቅጠሉ ቀልቶ አየሩም ደርቆ ታገኘዋለህ። ይህን የምልህ 105ቷን የማጸዳበት ጊዜ ለማግኘት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

ልክፈት፣ ልስጥ ወይስ ልተዋት፣ አንዱን ጻፍልኝ። እስክትመልስልኝ ሳጥኗን አልነካም። ዛሬ ጠዋት መለኪያው 43 ይላል።

ያው ጥፋተኛህ፣
ሳሚ