ግንዶቹን ከመላጣችሁ በፊት

ውድ የቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከአሜሪካ ኦዛርክ ተራሮች ያመጣናቸውን የቀይ ኦክ ዛፍ ግንዶች መላጥ እንጀምራለን። አደራ፣ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት በቅርፊቱ ላይ ያሉትን የጥንዚዛ ቀዳዳዎች በሙሉ ቁጠሩ፤ ቅርፊቱ አንዴ ከወደቀ ቆጠራው አይመለስም።

የምናጠናው እንጨት ቦርቧሪ ጥንዚዛ ዕድገቱን የሚጨርሰው በሁለት ዓመት ነው። ትል የሚመስለው የጥንዚዛው እጭ መጀመሪያ ከቅርፊቱ ሥር ይመገባል፤ በሁለተኛው ዓመት ወደ እንጨቱ ዘልቆ ይገባል። ጥንዚዛዎቹ በብዛት የሚወጡት በፈረንጆች አቆጣጠር ጎዶሎ በሆኑት ዓመታት፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። አንድ ወቅት ካመለጠን ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጠብቀው ሰው ይህ ከባድ ነው።

ትናንት አንዱን ግንድ ስሰነጥቅ ትንሿን ጣት የሚያስገባ ዋሻ አገኘሁ፤ ጫፉ ላይ በሰጋቱራ የተከበበ ነጭ እጭ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነካ ሳደርገው ተንቀሳቀሰ። እንዲህ ያለውን ስታገኙ አልኮል ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጥሩኝ።

በግንዱ ውስጥ በየዓመቱ የሚጨመሩትን የዕድገት ቀለበቶችም እንለካለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካዋ አርካንሳው ግዛት ኦኮቹ የረገፉት በጥንዚዛው ብቻ አልነበረም፤ ድርቅና እርጅናም አዳክመዋቸው ነበር። ቀለበቶቹ ይህን ይመሰክራሉ።

የተረፈውን ፍልጥ ግን ማንም ለማገዶ እንዳይወስድ፤ ውስጡ እጭ ሊኖር ይችላል።